ቸርችልን ቁልቁል በውሃ ቀለም፦ ከቤት ውጭ ንድፍ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ በበጋ ደግሞ ደረቅ። ፀሐይዋም ጠዋት ብቅ ካለች በኋላ አናት ላይ ለመውጣት ጊዜ አትፈጅም። ከቤት ውጭ በውሃ ቀለም ለሚሠራ ሰው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚበልጥ ጉዳይ የለም። ቀለሙ ጠርዙን ሳታለሰልሱት ይደርቅባችኋል፤ ልትሥሉት ያሰባችሁት ጥላ ደግሞ ብሩሽ አጥባችሁ ቀና ስትሉ ቦታውን ለቋል። በኢንተርኔት የሚገኘው ትምህርት አብዛኛው እርጥብ አየር ላለባቸው አገሮች የተዘጋጀ ስለሆነ «ወረቀቱን አርጥቡና ተረጋጉ» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይህን ለሚሞክር ሰው ግን የሰማዩ ግራ ጥግ ሳያልቅ ቀኝ ጥጉ ደርቆ መስመር ይሠራበታል።

እዚህ የቀረበው አሠራር ስለዚህ ጥላን ያስቀድማል፣ ውሃን በልክ ይጠቀማል፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብም አያልፍም። ለምሳሌ የተመረጠው ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ነው። ቁልቁለት፣ ሕንፃ፣ ዛፍ፣ ሚኒባስና እግረኛ በአንድ ላይ ስለሚገኙበት እዚያ እጁን ያፍታታ ሰው ሌላው ቦታ አይከብደውም።

ወረቀት ይቅደም

ገንዘብ የምታወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ከዚያ ቀለም ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፤ 36 ቀለም ያለው ሣጥን ይገዛና በፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ይሠራል። ርካሽ ቀለም በጥሩ ወረቀት ላይ ያምራል። ውድ ቀለም ግን 80 ግራም ወረቀት ላይ ምንም አያደርግም፤ ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ ይወዛወዛል፣ ቀለሙ በየጎድጓዳው ይጠራቀማል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲነካ ፊቱ ይላጣል።

የሚያስፈልገው በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ፊቱ መጠነኛ ሸካራነት ያለው ወረቀት ነው፤ ሽፋኑ ላይ «ኮልድ ፕረስ» ይለዋል። ግራሙ ያልተጻፈበት የስዕል ደብተር ካጋጠማችሁ ጥጉን በጣት አጠፍ አድርጋችሁ ፈትሹት፤ እንደ ሠርግ መጥሪያ ካርድ የሚታገል ከሆነ ይሆናል። ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት፤ ውሃውን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዝ ለበጋችን ደረቅ አየር ይመቻል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቀለም ሳይሆን ወረቀት አስመጡ። አንድ ሙሉ ሉህ 56 በ76 ሴንቲ ሜትር ነው። አራት በአራት ሲቆረጥ 14 በ19 የሆኑ 16 ቁራጮች ይወጡታል። ለመንገድ ዳር ሥራ ከዚህ የሚበልጥ መጠን አትያዙ፤ ሰፊ ወረቀት በበጋ አየር አንድ ወጥ አድርጎ መቀባት ከባድ ነው።

ብሩሽ ሁለት ይበቃል፦ ክብ ቁጥር 8 እና ክብ ቁጥር 4። ስትገዙ አርጥባችሁ አንዴ በኃይል አራግፉት፤ ፀጉሩ ተሰብስቦ ሹል ካልሆነ መልሱት። ቁጥር 8 ሆዱ ውሃ ስለሚይዝ ቀለም ሁለቴ ብቻ ጠጥቶ ሰማዩን ይጨርሰዋል። በትንሽ ብሩሽ ሰማይ የሚቀባ ሰው ቀለም ለመጨመር ሲመላለስ ወረቀቱ ይደርቅበታል።

ቀለም ስድስት፦ ሌመን የሎ (የሎሚ ቢጫ)፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አሊዛሪን ክሪምሰን (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ እና ታሎ ሰማያዊ። ጥቁር አትያዙ። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲቀላቀሉ ከየትኛውም የሣጥን ጥቁር የተሻለ ጥቁር ይሰጣሉ፤ አንዱን ወይም ሌላውን በማብዛትም ቀዝቃዛ ወይም ሞቅ ያለ ግራጫ ይገኛል። የቱቦ ቀለም ካላችሁ በሃይላንድ ክዳን ውስጥ ጨምቃችሁ ከከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አጣብቁት፤ ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። የለስላሳ ቆርኪ ለዚህ አይሆንም፤ በሳምንቱ ዝጎ ቢጫውን ያቆሽሸዋል። ነጭ ጓሽ (ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) ትንሽ ቱቦ መያዝ አይከፋም፣ ግን ለማዳኛ ብቻ።

ቀሪው ዕቃ ከቤት የሚገኝ ነው። ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ የተቆረጠ የሃይላንድ ቂጥ ሁለት (አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ)፣ ሁለት የወረቀት መቆንጠጫ፣ ወፍራም ካርቶን፣ ኤችቢ እርሳስ፣ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ። ሶፍት ይሠራል፤ ግን እየተቦጫጨቀ እርጥብ ቀለም ላይ ይጣበቃል። በእስክሪብቶ ማስመር የምትወዱ ከሆነ ጄል እስክሪብቶ አትጠቀሙ፣ ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ተራው ቢክ ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃ ይችላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ከከረመ ይፈዝዛል።

ሰዓትና መቆሚያ

ከረፋዱ 2:30 ገደማ የቆመ ሰው ጥላ ከቁመቱ አንድ ከግማሽ እጥፍ ይበልጣል። 3:30 ላይ ወደ ቁመቱ ይጠጋል። ከ5 ሰዓት በኋላ ከእግር ሥር ይገባል፤ ሕንፃውም ሰውም ቅርጹን ያጣል። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ ጭራሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ስለዚህ የሚሠራበት ሰዓት ከ2:15 እስከ 3:45፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9:30 እስከ 11:15 ነው። የማታውን ስትመርጡ ቶሎ እንደሚጨልም አስቡ፤ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቀለም መለየት አይቻልም።

ቸርችል ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ጎዳና ነው። ከላይ ቆማችሁ ወደ ለገሃር ስታዩ ጠዋት በግራ ያሉት ሕንፃዎች ወደ መንገዱ የሚያዩት ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው፣ የቀኞቹ ያበራሉ። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። ከታች ሆናችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ብታዩ ደግሞ ጠዋት ብርሃኑ ከቀኛችሁ ይመጣል፤ ከበስተጀርባ እንጦጦ ስላለም ርቀትን በቀለም ለመለማመድ ይመቻል።

ጀርባችሁን ለግድግዳ፣ ለዛፍ ወይም ለምሰሶ ስጡ። ከኋላ ተሰብስቦ የሚያይ ሰው ባይኖር እጅ ይረጋጋል፤ ቦርሳም አይጠፋም። የብስክሌት መስመሩ ላይና የእግረኛ መንገዱ መሐል አትቁሙ። ዋናው ነገር ግን ወረቀታችሁ ጥላ ላይ መሆኑ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይን ስለሚወጋ ቀለሙ ቀጥኖ ይታያል፤ ታጠቁሩታላችሁ፤ ቤት ስትገቡ ስዕሉ ጨልሞ ታገኙታላችሁ። ጥላ ካጣችሁ ዞር ብላችሁ የራሳችሁን ጥላ ወረቀቱ ላይ ጣሉበት። ቀይ ወይም ቢጫ ሹራብም አትልበሱ፣ ወረቀቱን ያቀላዋል።

ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ግቢና ኤምባሲ ባለበት አጠገብ አትሥሩ። ሌላ ቦታም ቢሆን ጥበቃ መጥቶ «ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ደብተሩን መዝጋት ጥርጣሬ ይጨምራል። ከፍታችሁ አሳዩትና «ወንድሜ፣ መንገዱን ነው የምሥለው» በሉት፤ አይሆንም ካለ ሳትከራከሩ አምሳ ሜትር ፈቀቅ በሉ።

በረካ፣ ቶና፣ አቦል

የውሃ ቀለም ትምህርት ሁሉ ስለ ውፍረት ያወራል። ለእኛ ቀላሉ መለኪያ የቡናው ሦስት ዙር ነው፤ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ግን የተገለበጠ ነው። ስዕል በበረካ ይጀምራል፣ በአቦል ያበቃል።

በረካ ውሃው የሚበዛበት፣ ፓሌቱን (ቀለም የምትቀላቅሉበትን ገጽ) ስታዘነብሉት እንደ ውሃ የሚሮጥ ቅይጥ ነው፤ የወረቀቱ ነጭ በውስጡ ያበራል። ሰማይና ብርሃን ያረፈበት ነገር ሁሉ በዚህ ይቀባል። ቶና ሲዘነበል በዝግታ የሚወርድ፣ ከኋላው ቀለም የሚተው ነው፤ ለጥላ። አቦል የማይወርድ፣ ብሩሽ ሲነካው ጫፉን የሚይዝ ነው። ይህ የሚያርፈው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው ወረቀት ከአሥር አንዱን እንኳ መሸፈን የለበትም።

ሁሉም ሲደርቁ ይፈዝዛሉ። ስለዚህ ቶና እርጥብ ሆኖ «በዛ» ካላስባላችሁ ሲደርቅ በረካ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የጀማሪ ስዕል የሚገረጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ ሦስቱንም ዙር በረካ ጠጥቷል።

ሥራው፣ ከ2:30 ጀምሮ

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች። የክብሪት ሣጥን የሚያህል አራት ማዕዘን ሥሩና ውስጡን በሦስት ደረጃ ብቻ ሙሉት፦ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። ሕንፃ አትሥሉ፣ ሰው አትሥሉ። ግራጫው የግራ ሕንፃዎች ጥላ፣ መንገዱ ላይ የወደቀው ጥላና የዛፎቹ ሆድ ተያይዘው የሚሠሩት አንድ ቅርጽ ነው። ይህን ማስታወሻ አትዝለሉት። 3:15 ላይ ጥላው ሲንቀሳቀስ የምትመለከቱት መንገዱን ሳይሆን ይህችን ሣጥን ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ እየተከተሏት ጥላ የሚያስተካክል ሰው ብርሃኑ ከሁለት አቅጣጫ የመጣ ስዕል ይሠራል።

እርሳስ፣ 15 ደቂቃ። ቁልቁለቱ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነውና እዚህ ላይ ቆም እንበል። እርሳሱን በአግድም ዓይናችሁ ፊት ያዙትና ከሕንፃዎቹ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚያርፍ እዩ። ያ የዓይን መስመራችሁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በስሱ አስምሩት። ሜዳ ላይ ቢሆን የሕንፃውም የመንገዱም መስመሮች ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ቸርችል ላይ ግን መሰብሰቢያው ሁለት ነው። መስኮት፣ በረንዳና ጣሪያ ምድሩ ቢያዘነብልም በውሃ ልክ ተስተካክለው የተሠሩ ስለሆኑ የዓይን መስመሩ ላይ ይገናኛሉ። የአስፋልቱ ጠርዞች ግን ቁልቁል ስለሚሄዱ የሚገናኙት ከዚያ በታች ነው። በዚህ መጠን ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ነጥብ ቀጥታ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሁለተኛ ነጥብ አኑሩ። መንገዱን ወደ ላይኛው ነጥብ የወሰደ ሰው ቸርችልን ቦሌ መንገድ ያደርገዋል፣ ሜዳ ይሆንበታል።

ሰዎቹም ይህንኑ ይከተላሉ። ቆማችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ቁልቁለቱ ላይ የሚሄዱ ቁመታቸው ከእናንተ ጋር የሚቀራረብ ሰዎች ጭንቅላት ሁሉ፣ የቅርቡም የሩቁም፣ በታችኛው ነጥብ ከፍታ ላይ ይሰለፋል። የሚለያየው እግራቸው የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ የቀረበው እግሩ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ይወርዳል፣ የራቀው አጭር ይሆናል። በርጩማ ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ የሁሉም ጭንቅላት ከመስመሩ በላይ ይወጣል፤ የቅርቡ አብዝቶ፣ የሩቁ ጥቂት። ከታች ወደ ላይ ስታዩ ነገሩ ይገለበጣል፦ የመንገዱ ነጥብ ከዓይን መስመሩ በላይ ይሆናል፣ ጭንቅላቶቹም እዚያ ይሰለፋሉ። ተዳፋቱ መሐል ላይ ከተለወጠ አዲስ ነጥብ ስጡት፤ በዓይን ግምት ይበቃል።

ለልኬት አንድ ነገር ምረጡና ሌላውን ሁሉ በእሱ ለኩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እርሳሱን በቁም ያዙ፤ በአውራ ጣት ምልክት አድርጉ። የትግላችን ሐውልት ከቦታችሁ ከታየ ደህና መለኪያ ነው፣ ቀጥ ያለና ጫፉ በግልጽ የሚታይ ነውና። መስኮት አትቁጠሩ። አሥራ ሁለት መስኮት ካለው ፎቅ ሦስቱን በግልጽ ሥሩ፣ ሌሎቹ ነጠብጣብ ይሁኑ፤ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

በረካ፣ 15 ደቂቃ። መጀመሪያ ነጭ የሚቀሩትን ወስኑ፦ የሚኒባሱ የላይኛው ክፍል፣ ነጠላ፣ የቀኝ ሕንፃዎች ጠርዝ፣ ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ። እነዚህን ቀለም ላለማስነካት ከጅምሩ ዙሪያቸውን መዞር ነው እንጂ በኋላ በጓሽ መልሶ ማንጣት ስዕሉ ሞተ ማለት ነው።

የሰማዩን ቅይጥ ብሩሹን ወረቀት ከማስነካታችሁ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አዘጋጁ፤ መሐል ላይ ካለቀ የምትቀላቅሉት ሁለተኛ ቅይጥ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። አልትራማሪን ይብዛ፣ ታሎ በብሩሽ ጫፍ ይነካ። ታሎ ኃይለኛ ነው፣ በዛ ካለ ሰማዩ የሚኒባስ ቀለም ይሆናል። ካርቶኑን ከታች በኩል ወደ ራሳችሁ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት፤ ከላይ ጀምራችሁ በአግድም ውረዱ፤ እያንዳንዱ ጉዞ ከበፊቱ ግርጌ የተጠራቀመውን ውሃ ይጎትት። ወደ ታች ስትቀርቡ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። በበጋ ከአድማሱ አጠገብ አቧራ ስላለ ሰማያችን ታች ላይ ይነጣል፤ እጅግ የቀጠነ በርንት ሲየና እርጥቡ ላይ ነካ ብታደርጉበት ያ አቧራ ይመጣል። የሎ ኦከር ግን አታስነኩት፣ አረንጓዴ ይሆናል።

ሳታቋርጡ ወደ ሕንፃዎቹ ውረዱ። የቀኞቹን በቀጠነ ኦከር፣ አስፋልቱን በቀጠነ የአልትራማሪንና የሲየና ግራጫ ቀቡት። አስፋልት ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ስታርፍበት ወደ ሐመራማ ያደላል፣ ከብዙ ሕንፃም ይነጣል። ባሕር ዛፍ ካለ ዝግጁ አረንጓዴ አይሆነውም፤ ቅጠሉ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ስለሚያደላ አልትራማሪን፣ ኦከርና ጥቂት ሲየና ይበቃዋል።

አሁን ጠብቁ። ወረቀቱን በጎን አይታችሁ እርጥበቱ ካበራ አልደረቀም። ብርሃኑ ጠፍቶ በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት ከቀዘቀዛችሁ ከላይ እንጂ ከውስጥ አልደረቀም፤ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ውሃ የጠገበ ብሩሽ ቢያርፍበት አዲሱ ውሃ ግማሽ የደረቀውን ቀለም ወደ ጠርዝ እየገፋ የአበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ያወጣል። በበጋ ጠዋት ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል።

ቶና፣ 15 ደቂቃ። ያ የክብሪት ሣጥኑ ግራጫ ቅርጽ አሁን ወደ ስዕሉ ይገባል። አልትራማሪን ሁለት እጅ፣ ሲየና አንድ እጅ፣ የክሪምሰን ጠብታ። ከግራ ሕንፃዎች ጫፍ ጀምራችሁ በግድግዳው ውረዱ፣ ብሩሹን ሳታነሱ የእግረኛ መንገዱን ተሻገሩ፣ አስፋልቱ ላይ የወደቀውን ጥላ ይዛችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ መኪኖቹን ከሥር አያይዟቸው። ሕንፃን ለብቻ፣ መኪናን ለብቻ፣ ሰውን ለብቻ ያጠላ ሰው ተቆርጦ የተለጠፈ ነገር ይኖረዋል። እግረ መንገዳችሁን ቀለሙን ለዋውጡት፤ ግድግዳው ላይ ኦከር ጣል፣ ወደ መንገዱ ስትደርሱ አልትራማሪን ጨመር። እርጥብ ሆነው እርስ በርስ ይግቡ እንጂ በብሩሽ አታማስሏቸው። ወደ ሩቁ፣ ወደ ለገሃር ስትጠጉ ውሃ አብዙበት፤ ሩቅ ጥላ ይገረጣል፣ ይሰማያዋል።

አቦል፣ 10 ደቂቃ። ቁጥር 4 ብሩሽ። ከመኪና ሥር፣ የጥቂት መስኮቶች ላይኛ ጥግ፣ የሱቅ በር ውስጥ፣ የሰዎች ጭንቅላት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቦልና ንጹሕ ነጭ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ዓይን የሚሄደው እዚያ ነው። ሁሉም ቦታ ላይ ከተደረገ የትም አይሄድም።

ሰውን ቁልቁል እንደተንጠለጠለ ቃሪያ አድርጉት፦ ከትከሻ ሰፊ፣ ወደ እግር ሹል። ጭንቅላቱ ከጠቅላላ ቁመቱ ከሰባት አንዱ ወይም ከዚያ ያንሳል፤ ጀማሪ ሁሌ ያተልቀዋል። ጭንቅላትና አካል መሐል ክር የምታህል ነጭ ተዉ። ሁለቱን እግሮች እኩል ካደረጋችኋቸው ሰውየው ይቆማል፤ አንዱን ካሳጠራችሁ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በመጨረሻ፣ በእርሳስ ወይም በቢክ፣ እየተቆራረጠ።

ሚኒባሱ

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ከሌለ ሥዕሉ የየት አገር እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን ብዙ ጊዜ ዳቦ ይመስላል። በጎን ሲታይ ርዝመቱ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ጥቂት የሚያልፍ ሣጥን ነው። ጎማዎቹን ስታሳንሱ ይስተካከላል፤ ላይኛው ጫፋቸው ከአካሉ ሥር ተደብቋልና ሙሉ ክብ አትሥሉ። የፊት መስታወቱ ትንሽ ያዘነብላል፤ ቀጥ ካለ አውቶቡስ ይሆናል።

ነጩን በወረቀቱ ተዉት። ሰማያዊው አልትራማሪንና ታሎ እኩል፣ በቶና ውፍረት፣ በአንድ ጉዞ። ጥላ ውስጥ ያለው ጎኑ ላይ ነጩም ነጭ አይደለም፤ የቀጠነ ግራጫ ሰማያዊ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ሚኒባሱ ጠፍጣፋ ይሆንበታል። መስኮቶቹን አንድ ወጥ ጥቁር አታድርጓቸው፤ ሁለት ሦስት ጭንቅላት የሚያህል ብርሃን ተዉ፣ ተሳፋሪ ይሆናል። በሩ ከፍት ብሎ ረዳቱ ከወጣ፣ አንድ ዘንበል ያለ ቃሪያ ይበቃዋል። ከሥሩ ያለው አቦል ጥላ ጎማውን ከአስፋልቱ ጋር ያስራል፤ ካልተደረገ መኪናው ይንሳፈፋል።

ሚኒባሱ እስክትጨርሱ አይጠብቅም። የሄደውን አትከተሉ፤ በሚቀጥለው ላይ ቀጥሉ፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

ጃንጥላ ሥር

መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ከቁልቁለቱ የቀለለች ትመስላለች፤ አይደለችም። መጀመሪያ ቡና እዘዙ፣ ከዚያ «እህቴ፣ እዚህ ሆኜ ብሥል ቅር ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ያለው ምሥጢር ጃንጥላው ነው። ጨርቁ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያቀልመዋል። ጃንጥላው ቀይ ከሆነ ነጭ ቀሚሷ ጥላው ላይ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ ሲኒዎቹም እንዲሁ። በተለመደው ግራጫ ሰማያዊ ጥላ ከሠራችሁት ግን ጃንጥላው ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ከሥሩ ባለው ቶና ሁሉ የጃንጥላውን ቀለም ጥቂት ጨምሩበት። የራሳችሁ ወረቀትም እዚያው ጃንጥላ ሥር ከሆነ ቀለማችሁን ማመን አትችሉም፤ ፈቀቅ በሉ።

ፊት በበርንት ሲየናና ጥቂት ክሪምሰን ይጀምራል፤ ጥላው በዚያው ላይ አልትራማሪን ሲጨመር ይገኛል። ሁለት ደረጃ ብቻ። ወረቀቱ ላይ ፊቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዓይንና አፍንጫ አይገባበትም፤ ከግንባር በታች አንድ የጥላ ንክኪ ይበቃል። ጀበናው አቦል ነው፤ በአንድ ጎኑ ክር የምታህል ነጭ ተዉለት። ሲኒን አትሥሉ፣ ዙሪያውን ሥሉ፤ ረከቦቱን ጠቆር ስታደርጉት ሲኒዎቹ ራሳቸው ይወጣሉ። ለጭሱ፣ ከበስተኋላው ያለውን የደረቀ ቀለም በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ወደ ላይ ሁለት ሦስቴ አሻሹና ወዲያው በካናቴራው ተጫኑት። ታሎ ያለበት ቦታ ላይ ይህ አይሠራም፣ ታሎ ወረቀቱን ነክሶ ይይዛል።

ሲበላሽ

ቀለሙ ጭቃ ከሆነ ከሦስት ቀለም በላይ ተቀላቅሏል፣ ወይም ያልደረቀው ላይ ብሩሹ ተመላልሷል። አታሻሹት፤ ጠብቃችሁ አንድ ጥርት ያለ ቶና አናቱ ላይ አሳርፉ። የማጠቢያ ውሃው ሻይ ከመሰለም ሰማያዊውን ያደበዝዘዋልና ቀይሩት። የሰማዩ መሐል ላይ መስመር ከወጣ በእርጥብ ብሩሽ ማጥፋት ያባብሰዋል፤ በሽቦ ወይም በዛፍ ጫፍ ሸፍኑት። ወረቀቱ ከተወዛወዘ ቤት ስትገቡ ጀርባውን በስሱ አርጥባችሁ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል ከከባድ መጻሕፍት ሥር አሳድሩት።

ጊዮርጊስን ለመሥራት ወደ ፒያሳ ከወጣችሁ ደግሞ ሕንፃው ስምንት ማዕዘን መሆኑን አስቡ። አንዱን ግድግዳ ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ስታዩ የሚታዩት ሦስት ናቸው፣ የጎኖቹ ስፋት ከመሐለኛው ከአሥር ሰባት ያህል ብቻ ነው። ሦስቱን እኩል ያደረገ ሰው የተለጠጠ ሕንፃ ያገኛል።

ክረምት ላይ

ከሰኔ እስከ መስከረም ችግሩ ይገለበጣል፤ ቀለሙ አልደርቅም ይላል። ጠዋት ውጡ፣ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ። ውሃውን በግማሽ ቀንሱ፣ በረካን ዝለሉና ከእርሳስ በቀጥታ ወደ ቶና ግቡ፣ መስመሩን ለቢክ ተዉት። ደመናማ ቀን ጥላ ስለሌለ በጥላ የሚያያዝ ቅርጽ አይገኝም፤ ሰማዩ ነጭ፣ ሕንፃው ከሰማዩ ጠቆር፣ እርጥቡ አስፋልት ደግሞ መስታወት ሆኖ ይሠራል። ነጸብራቁን ቁልቁል በቁም ጎትቱት፣ ከዚያ አንዴ በአግድም በደረቅ ብሩሽ አቋርጡት። የዝናብ ጠብታ ካረፈበት አትንኩት፣ ይድረቅ፤ ሐምሌ ላይ የተሠራ ስለሆነ ያምርበታል።

ደብተሩን የምትዘጉት የገጹ ጀርባ እጅ ላይ መቀዝቀዙን ሲተው ብቻ ነው። ፌስታል ውስጥ ከታሸገ እርጥበቱ አይወጣም፣ ገጾቹም ይጣበቃሉ፤ በመቆንጠጫ ከፍታችሁ በእጅ ያዙት። ከጀርባው ቀኑን፣ ቦታውንና የጀመራችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ሳይጠናቀቅ ከተነሣችሁ በዚያው ሰዓት ነገም ከሳምንት በኋላም ብትመለሱ ጥላው እዚያው ገደማ ይጠብቃችኋል፤ ከወር በላይ ከቆየ ግን የፀሐይዋ ጎዳና ስለሚለወጥ አዲስ ወረቀት ጀምሩ።